በጥድ ደን ውስጥ የሚበቅል ኮራል መሰል እንጉዳይን ለይቶ ስለማወቅና ስለሚደረገው ጥንቃቄ

በክረምት ወራትና ዝናቡ ጋብ ማለት በሚጀምርበት በመስከረም በጥድ ደን ውስጥ የሚመላለስ ሰው ከተለመደው የጅብ ጥላ ፈጽሞ የተለየ እንጉዳይ ሊያጋጥመው ይችላል። ይህ እንጉዳይ ባርኔጣ የለውም፤ በባርኔጣ ሥር የሚታየው ስስ ድርድርም የለውም። ከአንድ ግንድ ተነሥቶ ወደ ላይ እየተከፋፈለ የሚወጣ፣ ነጭ ወይም ቢጫ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው፣ ከሩቅ ሲታይ በባሕር ውስጥ የሚገኘውን ኮራል የሚመስል ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጣት ርዝመት እምብዛም አይበልጥም። መልኩ ማራኪ በመሆኑ ሕፃናት ይነቅሉታል፤ አዋቂዎችም “ይበላ ይሆን?” ብለው ወደ ቤት ይወስዱታል።

ይህ ማብራሪያ እንዲህ ያለ እንጉዳይ ያገኘ ዜጋ በምን ምልክት ሊለየው እንደሚችል፣ ከየትኛው ደረጃ በኋላ የባለሙያ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው፣ እንዲሁም በስሕተት ከተበላ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለማሳወቅ የቀረበ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። ከእነዚህ እንጉዳዮች መካከል መርዛማ የሆኑ ይገኛሉ፤ መርዛማውንና መርዛማ ያልሆነውን በዓይን ብቻ መለየት ለሠለጠነ ሰው እንኳ ዘወትር የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምልክቶች እንጉዳዩን ለማወቅ የሚረዱ እንጂ ለምግብነት ፈቃድ የሚሰጡ አይደሉም።

ኮራል መሰል እንጉዳይ ምንድን ነው?

ስሙ የመልክ ስም ነው፤ የዝምድና ስም አይደለም። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ ቅርንጫፋማና ዱላ መሰል እንጉዳዮችን “ክላቫሪያ” በሚል አንድ ስም ሥር አስገብቷቸው ነበር። ቃሉ በላቲን ዱላ ከሚለው የመጣ ነው። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኤድሬድ ኮርነር በ1950 እ.ኤ.አ. ስለ ክላቫሪያና መሰሎቹ ሰፊ ጥናት እስካሳተመበት ጊዜ ድረስ ምድቡ በተለያዩ ሊቃውንት እጅ ቀስ በቀስ ሲከፋፈል ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው የዘረመል ምርመራ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። የኮራል ቅርጽ በፈንገሶች ዓለም አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ሳይሆን በተለያዩ ወገኖች ውስጥ በየራሱ ደጋግሞ የታየ ነው። “ራማሪያ” የተባለው ወገን መጥፎ ሽታ ካላቸው ፋለስ ከሚባሉት እንጉዳዮች ጋር ይቀራረባል። “ክላቩሊና” ደግሞ በአውሮፓ ገበያ በስፋት ከሚሸጠው ሻንተሬል ከተባለው ቢጫ እንጉዳይ ጋር ይዛመዳል። “ካሎሴራ” ከሁለቱም የራቀ፣ አካሉ እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ፈንገስ ነው።

ይህ ለተመራማሪዎች ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ተግባራዊ ትርጉም አለው። አንድ ሰው “ይህን የመሰለ እንጉዳይ ከዚህ በፊት በልቼ ምንም አልሆንሁም” ሲል የበላውና አሁን በእጁ የያዘው ምናልባት ከመልክ በስተቀር ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ላይኖር ይችላል።

የዛፉ ዓይነት የሚሰጠው ፍንጭ

እንጉዳዩን ከመመርመር በፊት ቀና ብሎ ዛፉን ማየት ይበጃል። በአማርኛ “ጥድ” የሚለው ቃል እጅግ የተለያዩ ዛፎችን አንድ ላይ ይጠራል። የሐበሻ ጥድና ዝግባ የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ እንደ መናገሻ ሱባ ባሉ ጥብቅ ደኖች አብረው ይገኛሉ። የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። በወንዶ ገነትና በሌሎች አካባቢዎች የተተከለው ረጃጅም መርፌ ቅጠል ያለው ፓቱላ የተባለው ፓይን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ራዲያታ የተባለው ወንድሙ ደግሞ ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ ተወላጅ ፓይን የላትም።

ልዩነቱ ከሥር ነው። የፓይን ዛፍ ሥሩን እንደ ሽፋን ከሚከቡ ፈንገሶች ጋር ተዛምዶ ይኖራል፤ ፈንገሱ ውኃና ማዕድን ያቀብላል፣ ዛፉ ስኳር ይሰጣል። እነዚህ ፈንገሶች ወቅታቸው ሲደርስ ከመሬት በላይ እንጉዳይ ያወጣሉ። ፓይን ያለ እነርሱ በደንብ አያድግም፤ በተለያዩ አገሮች የችግኝ ጣቢያዎች ከቆየ የፓይን ደን የተወሰደ አፈር ከችግኝ አፈር ጋር ሲቀላቅሉ የኖሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መንገድ ከዛፉ ጋር እንግዳ ፈንገሶችም ከአገር አገር ተሻግረዋል። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና የፈረንጅ ጥድ ግን የሚዛመዱት በሥሩ ውስጥ ተሰውረው ከሚኖሩና የሚታይ እንጉዳይ ከማያወጡ ሌላ ዓይነት ፈንገሶች ጋር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። በንጹሕ የሐበሻ ጥድ ወይም የፈረንጅ ጥድ ደን ውስጥ የተገኘ ኮራል መሰል እንጉዳይ የረገፈ ቅጠልን ወይም የበሰበሰ እንጨትን በማፈራረስ የሚኖር የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። በፓይን ሥር የተገኘ ከሆነ ግን ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለባለሙያ የሚቀርብ ማንኛውም ናሙና የዛፉን ዓይነት የሚገልጽ ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል፤ ከተቻለም የዛፉ ቅጠል አብሮ ይያዛል። በዙሪያው ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ካለም መጻፍ አለበት፤ የዛፍ ሥር ከግንዱ ርቆ ስለሚሄድ እንጉዳዩ ከቅርቡ ዛፍ ጋር ሳይሆን ከራቀው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

በቦታው የሚታዩ ምልክቶች

እንጉዳዩን ቀንጥሶ መውሰድ ከመለያ ምልክቶቹ ግማሹን እዚያው ጥሎ መሄድ ነው። በቢላዋ ወይም በእንጨት ዙሪያውን ቆፍሮ ከነሥሩ ቀስ ብሎ ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚያ መጀመሪያ የሚታየው የበቀለበት ነገር ነው፤ በቀጥታ ከጉቶ ወይም ከወደቀ ግንድ ላይ ነው? በአፈር ከተቀበረ እንጨት ነው? የረገፈውን መርፌ ቅጠል አጣብቆ ይዞ ነው? ወይስ ከባዶ አፈር? በአንዳንዶቹ ሥር ነጫጭ የፈንገስ ክሮች እንደ ቀጭን ገመድ ተጎንጉነው ወደ እንጨቱ ሲሄዱ ይታያሉ። እነዚህ ክሮች ራሳቸው ትልቅ ምልክት ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአካሉ ጥንካሬ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ በሁለት ጣት ይዞ ማጠፍ በቂ ነው። ቀጭ ብሎ የሚሰበር አለ፤ ሳይሰበር እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ አለ፤ እንደ ቆዳ ጠንካራ የሆነም አለ። ይህ በአንድ አፍታ የሚደረግ ፈተና ብዙ ግምቶችን ከመንገድ ያስወግዳል።

ቀለም ሲመዘገብ ግንዱ፣ ቅርንጫፉና ጫፉ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው፤ “ቢጫ ነው” ማለት ብቻውን የሚጠቅም መረጃ አይደለም። ጫፎቹም በቅርብ መታየት አለባቸው። ሹል ናቸው? ደፋ ያሉ ናቸው? ወይስ እንደ ሚዶ ጥርስ ወይም እንደ ዶሮ ኩክኒ በጥቃቅን ተሰንጥቀዋል? ከዚያ በኋላ አንዱን ቅርንጫፍ በጥፍር ጫን ብሎ አሽቶ መተው ያስፈልጋል። ቀለሙ ወዲያው ሊለወጥ ይችላል፤ አንዳንዴም ለውጡ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ቤት ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ማየት ተገቢ ነው። ሽታውም ይመዘገባል። መቅመስ ግን አይመከርም። በውጭ አገር የእንጉዳይ መጻሕፍት የጣዕም መግለጫ መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ ያንን የሚያደርጉት ከመርዛማዎቹ ጋር የረጅም ዓመታት ትውውቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችልና እጅግ ጠቃሚ የሆነ ሌላ ፈተና የስፖር አሻራ ነው። ስፖር የፈንገስ ዘር ማለት ነው፤ አንድ በአንድ በዓይን አይታይም፤ ተከማችቶ ግን ቀለም ያሳያል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ወይም በንጹሕ ብርጭቆ መስተዋት ላይ የበሰለ ቅርንጫፍ ያጋድሙና በሳሕን ወይም በብርጭቆ ከድነው ያሳድሩታል። ጠዋት ሲነሣ ከሥሩ ቀጭን ብናኝ ይቀራል። ብናኙ ነጭ ከሆነ ወደ ክላቩሊና የሚመራ ምልክት ነው፤ የአሸዋ ቢጫ ወይም የቀረፋ ቀለም ከሆነ ወደ ራማሪያና የቅርብ ዘመዶቹ ይመራል። ያረጀ ወይም የደረቀ ናሙና አሻራ ላይሰጥ ስለሚችል ይህ በተነቀለበት ዕለት ቢደረግ ይመረጣል።

በጥድ ወገን ደኖች የሚታወቁት

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ የጥድ ወገን ደኖች ለረጅም ጊዜ የተጠኑ ጥቂት ዓይነቶች አሉ። የተገኘውን ናሙና ከእነርሱ ጋር ማነጻጸር ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ካሎሴራ ቪስኮሳ ነው። ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን ቁመቱ ከ3 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የሚበቅለው በበሰበሰ የጥድ ወገን ዛፍ ጉቶ ወይም ሥር ላይ ነው። ከመሬት የወጣ ቢመስልም ሲቆፈር ግንዱ እስከ ተቀበረው እንጨት ድረስ ይዘልቃል። ሲነካ ያሙለጨልጫል፤ ሲታጠፍ አይሰበርም። ቢጫ፣ ተጣጣፊና የሚያሙለጨልጭ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ከሌላ ጋር የመሳሳቱ ነገር ጥቂት ነው። ለምግብነት የሚሆን ፋይዳ የለውም።

ራማሪያ ስትሪክታ ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ሳይዘረጉ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በእጀታው ተተክሎ ጭራው ወደ ላይ የቆመ መጥረጊያ ይመስላል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው፤ በወጣትነቱ ጫፎቹ ቢጫ ናቸው። ሲታሽ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። በሥሩ ከላይ የተጠቀሱት ነጫጭ ገመዶች በግልጽ ይታያሉ፤ ከበሰበሰ እንጨት ጋር የሚያያይዙትም እነርሱ ናቸው። በጥድ ወገን እንጨት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰፊ ቅጠል ዛፎች እንጨትና በተፈለጠ እንጨት ፍርፋሪ ላይም ይበቅላል። መራራ በመሆኑ አይበላም።

ፋዮክላቩሊና አቢዬቲና በረገፈ መርፌ ቅጠል ምንጣፍ ላይ የሚበቅል፣ የወይራ ቅልም የቀላቀለ ቢጫማ ቡኒ ቀለም ያለው አነስተኛ እንጉዳይ ነው። መለያው አረንጓዴ መሆኑ ነው። ሲታሽ፣ ሲያረጅ ወይም ብርድ ሲመታው ሰማያዊ ወደሚቀላቀልበት አረንጓዴ ይለወጣል። ለውጡ ዝግ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ይቀራል። በደን ውስጥ ተራ ቡኒ የነበረው ናሙና በማግሥቱ ከወረቀት ከረጢቱ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ጥያቄው በአብዛኛው ተመለሰ ማለት ነው።

ክላቩሊና ኮራሎይዴስ ነጭ ሲሆን ጫፎቹ በጥቃቅን ጥርሶች የተሰነጠቁ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ ሲጠቁር ይታያል፤ ይህ የሚሆነው ሌላ ጥቃቅን ፈንገስ በላዩ ሲያድርበት ነው። የጠቆረውን እንደ ሌላ ዓይነት ቆጥሮ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ቴሌፎራ ፓልማታ ጠፍጣፋ ቅርንጫፎችና ወይን ጠጅ የሚያዘነብል ጥቁር ቡኒ ቀለም አለው። እርሱን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጎመን የሚመስለው ክፉ ሽታው ይበቃል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት የራማሪያ ዓይነቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በዓለም ላይ ወደ 200 የሚጠጉ የራማሪያ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ብዙዎቹ የሚለዩት ስፖራቸው በማይክሮስኮፕ ተለክቶ፣ የገጽታው ሻካራነት ታይቶ፣ አንዳንዴም የዘረመል ምርመራ ተደርጎ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ናሙና አይቶ “ራማሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ በዓይን መናገር አይቻልም” ቢል መልሱ የተሟላ መልስ እንጂ የሥራ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ሙሉ ስም በርግጠኝነት የሚሰጥ ሰው ወይም የስልክ መተግበሪያ የበለጠ ሊያጠራጥር ይገባል።

ስለ መብላት

በ1797 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ራማሪያ ፎርሞሳ የላቲን ስሙ “ውብ” ማለት ነው፤ እውነትም ግንዱ ነጣ ያለ፣ ቅርንጫፎቹ ሮዝ፣ ጫፎቹ የሎሚ ቢጫ ናቸው። መርዛማ ነው፤ የበላውን ሰው ማስመለስ፣ ብርቱ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያስይዘዋል። በአውሮፓ በአብዛኛው የሚገኘው ሰፊ ቅጠል ባላቸው ዛፎች ሥር ሲሆን፣ እርሱን የሚመስሉ ዓይነቶች በሌሎች አገሮች በጥድ ወገን ደኖችም ይገኛሉ። ችግሩ ያለው ሦስቱ ቀለሞች የሚታዩት እንጉዳዩ ወጣት ሳለ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ሲያረጅ ወይም ዝናብ ሲደበድበው ሮዙም ቢጫውም ጠፍተው አንድ ወጥ የአፈር ቀለም ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ከሚበሉት ዘመዶቹ የሚለየው ምልክት በዓይን አይገኝም።

የሚበሉ ራማሪያዎች መኖራቸው አይካድም። በሜክሲኮ በገበያ ይሸጣሉ፤ በአውሮፓና በእስያም የሚበላባቸው ቦታዎች አሉ። በኢትዮጵያም በደቡብ ምዕራብ የሚገኙ ማኅበረሰቦች ስለ ዱር እንጉዳይ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ዕውቀት አላቸው፤ በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅሉትን እንጉዳዮች መለየትና ማዘጋጀት ያውቁበታል። ይህ ዕውቀት የተከበረ ነው። ነገር ግን የተገነባው በአገሩ ደን ውስጥ ከሚበቅለው ጋር በተደረገ የረጅም ዘመን ትውውቅ ነው። ከባሕር ማዶ በመጣ ፓይን ሥር፣ ከዛፉ ጋር የመጣ ፈንገስ ሲወጣ አያቶች ስለ እርሱ የነገሩት ነገር አይኖርም።

በሕዝብ ዘንድ የሚነገሩ የመፈተኛ ዘዴዎችም አሉ። ከብር ማንኪያ ወይም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲቀቀል ካልጠቆረ ይበላል፤ ትል ወይም ቀንድ አውጣ ከበላው ሰውም ይበላዋል፤ ብዙ ከተቀቀለ መርዙ ይወጣል የሚሉት ይገኙባቸዋል። ሦስቱም ሐሰት ናቸው። ለሞት የሚያበቁት አማቶክሲን የተባሉት የእንጉዳይ መርዞች በመቀቀል አይጠፉም፤ ብርንም አያጠቁሩም፤ ትሎችም ሳይጎዱ ይበሏቸዋል። ኮራል መሰል እንጉዳዮች በአማቶክሲን የሚታወቁ ባይሆኑም፣ በአንድ ዘንቢል ውስጥ ከሌላ እንጉዳይ ጋር ተደባልቀው የተለቀሙ እንደሆነ አደጋው ለሁሉም ይተርፋል።

በእነዚህ ምክንያቶች ዜጎች በጥድ ደን ውስጥ ያገኙትን ኮራል መሰል እንጉዳይ እንዳይመገቡ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡና ለገበያ እንዳያቀርቡ ይመከራሉ። በእጅ መንካት ግን ጉዳት የለውም፤ ለመመርመር ያነሣ ሰው እጁን መታጠብ ይበቃዋል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲያትል ዙሪያ ያለው የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የጥድ ወገን ደን በራማሪያ ዓይነቶች ብዛት የታወቀ ነው። እንጉዳይ ለቀማም በዚያ የተለመደ መዝናኛ ነው። በአሜሪካ የመመረዝ ጥርጣሬ ሲኖር በ1-800-222-1222 በማንኛውም ሰዓት መደወልና አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው።

ከብት ለሚያረቡ

ስለ ሰው ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በብራዚልና በኡራጓይ ራማሪያ ፍላቮብሩኔሴንስ የተባለ ኮራል መሰል እንጉዳይ የበሉ ከብቶችና በጎች መታመማቸው በእንስሳት ሐኪሞች በሚገባ ተመዝግቧል። እንስሳቱ ለሐጭ ያዝረከርካሉ፣ የምላሳቸው ገጽ ይላጣል፣ የጭራቸው ፀጉር ይረግፋል፣ ሰኮናቸው ይላቀቃል፤ የሚሞቱም አሉ። የሚያስገርመው እንጉዳዩ የሚበቅለው በጥድ ሥር ሳይሆን በባሕር ዛፍ ሥር መሆኑ ነው። ይህ የታየው በደቡብ አሜሪካ ቢሆንም፣ በተተከለ ደን ውስጥ ከብት የሚያሰማራ አርቢ ኮራል መሰል እንጉዳይ በብዛት ከበቀለበት ቦታ መንጋውን ማራቁ አይከፋም። ከላይ የተጠቀሱትን ምልክቶች ያየ አርቢም ለእንስሳት ሐኪሙ ከብቱ የት እንደ ተሰማራ ጭምር መንገር ይኖርበታል፤ ለሐጭ ማዝረክረክና የሰኮና ሕመም በሌሎች በሽታዎችም፣ በተለይም በአፍተግር የሚታዩ ስለሆኑ መረጃው ምርመራውን ያቃልላል።

በስሕተት ከተበላ

ሆድን የሚያውኩት እንጉዳዮች ምልክታቸውን የሚያሳዩት ከተበሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማስመለስና ተቅማጥ ዋናዎቹ ሲሆኑ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ነፍሰ ጡሮችን በፈሳሽ እጥረት ፈጥነው ይጎዳሉ። ታማሚውን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ በኦአርኤስ የተበጠበጠ ውኃ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይቻላል። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስ፣ ጨው በብዛት በጥብጦ ማጠጣት ወይም አረቄ መስጠት አይገባም።

ምልክቱ የጀመረው ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሆነ ጉዳዩ የበለጠ አሳሳቢ ነው። እንዲህ ዘግይቶ የሚጀምር ሕመም ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ መበላቱን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ዓይነቱ መመረዝ ታማሚው ከአንድ ቀን ሥቃይ በኋላ የተሻለው መስሎ ይታያል፤ ጉበቱ ግን በዚያው ጊዜ እየተጎዳ ይሄዳል። ስለዚህ ተሽሎታል ተብሎ ከመንገድ መመለስ አይገባም። አብረው የበሉ ሰዎች ሁሉ፣ ምንም ያልተሰማቸውም ቢሆኑ፣ መታየት አለባቸው። የተረፈው እንጉዳይ፣ የተቀቀለውም ጥሬውም፣ እንዲሁም ያስመለሰው ከተገኘ በንጹሕ ዕቃ ተይዞ ለሐኪሙ ይሰጣል። መቼ እንደ ተበላ በሰዓት መናገር ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው።

ናሙና ለባለሙያ ስለማቅረብ

ምንነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በቀበሌው ያለውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ማይክሮስኮፕ ስላላቸው ስፖር ለመመርመር አመቺ ናቸው። ናሙናው የሚቀርበው ከነሥሩ፣ ከተቻለም ወጣቱም የበሰለውም ተካተው ነው። በፌስታል የታሰረ እንጉዳይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ላብ አውጥቶ ስለሚበሰብስ በወረቀት ከረጢት ወይም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይያዛል። የተለያዩ ዓይነቶች በአንድ ከረጢት አይከተቱም። ከመነቀሉ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ከላይ የተጠቀሰው ማስታወሻ፣ ቀኑ፣ የቦታው ስምና የስፖር አሻራው ያለበት ወረቀት አብረው ይቀርባሉ።

በዚያው ዕለት ማድረስ የማይችል ሰው ናሙናውን ማድረቅ ይችላል። በእሳት ላይ ማድረግ ቅርጹንም ይዘቱንም ስለሚያበላሽ፣ በክር አንጠልጥሎ ወይም በወንፊት ላይ ዘርግቶ ነፋስ በሚያገኘው ሞቃት ቦታ ማቆየት ይሻላል። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል ማለት ነው። በሚገባ የደረቀ እንጉዳይ ቀለሙ ቢጠፋም ስፖሩ ለዓመታት ሊመረመር ይችላል።

ናሙናውን ለዘረመል ምርመራ ወደ ውጭ አገር መላክ የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ተማሪ ወይም ግለሰብ በቅድሚያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈንገሶች እንደ ዕፀዋትና እንስሳት ሁሉ የአገሪቱ የጄኔቲክ ሀብት አካል ናቸው፤ የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣበት ሁኔታም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚገዛ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የናሙናው መጠን አነስተኛ መሆኑ ወይም በፖስታ መላኩ ከፈቃድ ነጻ አያደርገውም።